ጋሽ መንገሻ የደበቁት ደብዳቤ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሩ በሽቦ በታሰረ ታክሲ ነው። ሹፌሩ ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ሞተሩን ያጠፋል፤ ቤንዚን መቆጠቡ ነው። እናቴ ሻንጣዬን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣ «ቀስ በል ልጄ፣ አውሮፕላኑ ጥሏት አይሄድም» ስትለው፣ «እማማ፣ እኔማ ቀስ ልበል ብል ፍሬኑ መች ይሰማኛል» አላት። ሳቅን፣ እውነቴን ነው፣ ከልባችን ሳቅን። ያን ጊዜ መኪና የሚያስፈራን ሲገለበጥ ብቻ ነበር። አሁን ኦክላንድ ተቀምጬ ይህን የምጽፍላችሁ፣ የቆመ መኪና ፈርቼ እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ ነው።

ዲቪ የደረሰው ለባለቤቴ ለዮናስ ነበር። እሱ አራት ወር ቀድሞኝ ገባ፣ እኔ ተከተልኩት። ሌክ ሜሪት አጠገብ አንድ ክፍል አፓርትመንት ተከራይቶ ጠበቀኝ። ዳቦው ይጣፍጣል፣ ሰላምታው ያጥራል፣ በሐምሌ ጧት ጭጋጉ ሹራብ ያስለብሳል፤ ክረምት ነው እንዳልል ደግሞ ዝናብ የለም። ሊፍት ውስጥ እንደ አገሬ «እንደምን አደራችሁ» ብል ሰዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። በዚያ ሕንጻ ውስጥ መልሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» የሚሉኝ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ መንገሻ።

ጋሽ መንገሻ ስልሳን ያለፉ የደሴ ሰው ናቸው። ድሮ ከአሰብ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ የራሳቸው ሎሪ ነበራቸው። በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ከገቡ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሬድውድ ሲቲ የአንድ ቢሮ ፓርኪንግ ይጠብቃሉ። እኔም እዚያው ከተማ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ሥራ ስላገኘሁ፣ በየጧቱ ረጅሙን ድልድይ አሻግረው ያደርሱኛል። ዮናስ ሳን ሆዜ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ስለሚሠራ ገና ሳይነጋ በራሱ መኪና ይወጣል። እንግሊዝኛ ማንበብ ስለምችል የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ደብዳቤ ሲደርሳቸው ወደ እኔ ያመጣሉ። ጋሽ መንገሻም የመብራቱን፣ የኢንሹራንሱን፣ የማስታወቂያውን ሁሉ በፌስታል ሰብስበው እሁድ እሁድ ያስነብቡኛል።

እሁድ ደግሞ የመኪና ክርክር ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ የቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ላይ ኮፈን ከፍተው ይሰበሰባሉ። የጋሽ መንገሻ መኪና ስሙን የማልጠራው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው፣ እንደ ሳሎን የሰፋ ነው። የዮናስ የጃፓን፣ ትንሽ፣ ግራጫ።

«ብረት ማለት ይሄ ነው» ይላሉ ጋሽ መንገሻ ኮፈኑን በጣታቸው እያንኳኩ። «ያንተዋ ዝንብ ቢያርፍባት ትጎደጉዳለች።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ማደያ አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም» ይላል ዮናስ።

«ይጠጣ! ይሄ አገር አስጠግቶ አበላን። ብረቱን መግዛት ያንሰዋል?»

«የእርስዎ ሞተር እኮ ሜክሲኮ ነው የተሠራው። የእኔዋ የተገጣጠመችው እዚሁ አሜሪካ ነው። ታዲያ የቱ ነው አገር በቀሉ?»

ይሄኔ ሁሉም ይስቃል፣ ጋሽ መንገሻም ይስቃሉ፤ ክርክሩ ለሚቀጥለው እሁድ ይተላለፋል። እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም። የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ የምፈልገው የማይገጨኝ መቀመጫ ብቻ ነበር፤ በዚህ የጋሽ መንገሻን የሚያህል የለም።

ታዲያ አንድ ሰሞን መኪናቸው ውስጥ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኝ ጀመር። ማሞቂያውን ሲከፍቱት ይብሳል። ለዮናስ ብነግረው «ትዕግስት፣ እርጉዝ ምን የማይሸታት አለ» አለኝ። ጋሽ መንገሻም «የመንገዱ ሬንጅ ይሆናል፣ ልጄ» ብለው መስኮቱን አወረዱልኝ። ሽንኩርት ሲጠበስ ስንት ጊዜ ከቤት ሸሽቻለሁና እኔም አፍንጫዬን ማመን ተውኩ።

አንድ ጧት ድልድዩ መሐል ላይ አስመለሰኝ። መቆሚያ የለም፤ ግራም ውኃ ቀኝም ውኃ ነው። ሶፍት ፍለጋ ከፊቴ ያለውን የመኪናውን ኪስ ስከፍት፣ ከካርታዎቹ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ እጄ ገባ። አናቱ ላይ በቀይ «የደኅንነት ሪኮል» ይላል፤ ፋብሪካው የሸጠውን መኪና ለጥገና መልሶ ሲጠራ ነው። እያቅለሸለሸኝ አነበብኩት። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው የማሞቂያው ሽቦ ሊግል ይችላል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሞም ሳለ እሳት ሊነሣ ይችላል፣ መኪናውን ከቤት አርቀው ያቁሙ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሻጩ፣ ወደ ዲለሩ ያምጡት፣ በነጻ ጠግነን እንመልሳለን። የተጻፈው ከሰባት ሳምንት በፊት ነው።

«ጋሽ መንገሻ፣ ይሄን ለምን አላሳዩኝም?»

ዓይናቸውን ከመንገዱ አላነሡም። «ማስታወቂያ ነው።»

«ማስታወቂያ ከሆነ ከፍተው ለምን ደበቁት? እሳት ሊነሣበት ይችላል ነው የሚለው። እኔን ከነልጄ ድልድይ ላይ! ማታ የሚያቆሙት ደግሞ ከመኝታ ቤቴ ሥር!»

መሪውን ጨበጥ አደረጉት። ማሞቂያውንም አጠፉት። እስክንደርስ ሁለታችንም እንደተኮራረፍን ነበርን።

የደበቁት በክርክሩ ላለመረታት መሰለኝ። ሽማግሌ ሰው ለእልህ ሲል ነፍሰ ጡር ሴት ይጭናል ብዬ ተቀየምኳቸው። ማታ ለዮናስ ነገርኩት፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ መደንገጥ ሲገባው ክርክሩን እንደረታ ሰው ደስ አለው። እሁድ በሰው ፊት «ጋሼ፣ አሜሪካ ብረቴን መልሱልኝ አለችዎት አሉ!» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ መንገሻ ኮፍያቸውን ደፉ፣ ከማንም ጋር ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሁለት አውቶቡስና አንድ ባቡር እየቀያየርኩ ሥራ እሄድ ጀመር። ማታ ማታ በመስኮት ሳይ ጋሽ መንገሻ መኪናውን ከሕንጻችን ሥር አያቆሙም። ሐይቁ ዳር ሄደው ያቆሙትና፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው እያነከሱ ይመለሳሉ። ጧት ግን ይነዱታል። እኛን ከእሳቱ አራቁን፣ ራሳቸውን ግን አላራቁም። ነገሩ እልህ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ምስር ወጥ በሳህን ይዤ ወርጄ አንኳኳሁ።

ገብቼ ከተቀመጥን በኋላ «ጋሽ መንገሻ፣ ይቅር ይበሉኝ። ለዮናስ መንገር አልነበረብኝም» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ ይቅር በይኝ ማለት ያለብኝ። አንቺን መጫን አልነበረብኝም። እሳት የሚለውን ቃል ካንቺ ነው የሰማሁት። እኔ ጥሪ መሆኑን ብቻ ነው ያወቅሁት። በዲክሽነሪ ፈታሁት። አምጡ፣ እንመልሳለን ይላል አይደል?»

«ይላል።»

«ይሄን ደብዳቤ እኔ ፊትም ደርሶኛል፣ ልጄ።»

በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ነው። ለሎሪ ባለንብረቶች በሦስት ቀን ውስጥ መኪናችሁን ኮምቦልቻ አስረክቡ፣ ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት መጣ። ጋሽ መንገሻ ወባ ጥሏቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸውን ካሳዬን ጠርተው ቁልፉን ሰጡትና «አስረክበህ፣ በሕዝብ መኪና ተመለስ» አሉት። እዚያ ሲደርስ ሹፌር የለንም፣ አንተው ትነዳለህ አሉት። ሎሪውም ካሳዬም አልተመለሱም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም።

«ሎሪውስ ብረት ነው» አሉኝ። «እናቴ እስክትሞት ድረስ ማን ላከው እያለች ነበር የምትጠይቀኝ። እያወቀች። በዚህ እጄ ነው ቁልፉን የሰጠሁት።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንላለን። እኔ ግን ያን ማታ ተረቱን ለመጥራት አፌ አልደፈረም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ደብዳቤ አንስቼ፣ መጀመሪያ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ቃል ሳልዘል ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። አንዱ መስመር ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ድገሚው።»

«ጉድለቱ በእኛ አሠራር የመጣ መሆኑን አረጋግጠናል፤ ስለደረሰብዎት ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን።»

«ጥፋቱ የኛ ነው ብለው ጻፉ?»

«ጻፉ።»

«ፊርማ አለው?»

«አለው።»

«ማኅተምስ?»

«ማኅተም የለውም።»

«አየሽ?» አሉኝ። ግን ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው፣ ያን መስመር በእርሳስ አስምሪልኝ አሉኝ።

እሄዳለሁ ያሉት በሁለት ነገር ነው፤ ቁልፉን ራሳቸው እንዲያስረክቡ፣ እኔም አብሬያቸው እንድሆን። ለዲለሩ ደውለን እንደ ተባልነው፣ ማሞቂያውን ሳንነካ በማግስቱ ሳን ሆዜ ወሰድነው። ክራቫት ያደረገ ጎረምሳ ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ጋሽ መንገሻ ቁልፉን አልለቀቁም፤ ሁለቱም በአንድ ቁልፍ ተያያዙ።

«መኪናውን የምትነዳው አንተ ነህ? ስምህን ጻፍልኝ በይው» አሉኝ። ነገርኩት፤ ጻፈ።

«ማኅተም ይምታበት በይው።»

«ስታምፕ አንጠቀምም፣ ማዳም» አለ ልጁ። «ሁሉም ኮምፒዩተር ውስጥ አለ።»

«ኮምፒዩተሩ ቢጠፋስ?»

«አይጠፋም።»

«ሎሪም አይጠፋም ነበር በይው።»

ይህን አልተረጎምኩትም። ልጁ ከኋላችን ያለውን ሰልፍ አየ፣ ሆዴን አየ፣ ተነፈሰ። መሳቢያ ሲበረብር ቆይቶ አንድ አሮጌ ማኅተም አገኘና ደብዳቤው ላይ ዷ አደረገው። ጋሽ መንገሻ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ምን ይላል?»

«ተከፍሏል ይላል።»

«ማን ከፈለ?»

ልጁ «ኤኒቲንግ ኤልስ?» አለኝ። ምንም አልኩት። ጋሽ መንገሻ ቁልፉን ለቀቁ።

ወደ ቤት የሚያደርሰን ዮናስ ነበር፤ ሺፍቱን ጨርሶ መጣ። እሳቸውን ከፊት አስቀመጠ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ «ጋሼ፣ ስለ እሁዱ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ስለ ካሳዬ ማታ ነግሬው ነበር፤ እያለቀሰ ነው ያደረው።

«መቀመጫህ ጠባብ ነው» አሉት ጋሽ መንገሻ። ጉልበታቸውን እያሹ ደግሞ «እግዜር ይፍታህ» አሉት።

መኪናው ረቡዕ ይደርሳል ተባለ። ሰኞና ማክሰኞ ጋሽ መንገሻ ሥራ አልሄዱም፤ ስልካችን አጠገብ ቁጭ ብለው ዋሉ። ረቡዕ ከሰዓት ተደወለ። ስንደርስ መኪናው ታጥቦ ቆሟል። ዞሩት። የፊቱን በር ከፈቱ፣ ዝቅ ብለው የሹፌሩን መቀመጫ በመዳፋቸው ዳበሱት፣ የሆነ ሰው ተቀምጦበት የተነሣ ይመስል። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። «ተመለሰ እኮ» አሉኝ። በማግስቱ ድልድዩን ስንሻገር ማሞቂያውን ከፈቱት፤ ምንም አልሸተተኝም።

ከወር በኋላ ዮናስም ደብዳቤ መጣለት። የጃፓኗ ቀበቶ ማሰሪያው ይከፈታል አሉ። ለማንም ሳይነግር ሁለት ቀን ኪሱ ይዞት ዞረና፣ እሁድ በሰው ፊት ለጋሽ መንገሻ ሰጣቸው። ሁሉም ሊስቅ አቆበቆበ። ጋሽ መንገሻ ግን ደብዳቤውን አጥፈው መለሱለት። «ዛሬውኑ አፖይንትመንት ያዝ። ማኅተም አስመታ» አሉት፤ ክርክሩም እዚያው ላይ አለቀ።

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ እኛ መጡና ካርድ ገዝቻለሁ፣ ደሴ ደውዪልኝ አሉኝ። እህታቸው እታለም ናት። ጆሮዋ ስለደከመ እየጮሁ ነው የሚያወሩት፤ ምን ትላለች ብለው እንዳግዛቸው እኔም ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌያለሁ።

«እታለም፣ መኪናዬን ጠሩብኝ፤ ሰጠኋቸው፤ መለሱልኝ። ይህኛውን፣ የአሜሪካውን ነው የምልሽ።»

«የሚመልስም አለ ለካ» አለች።

«አለ። አሁን የምልሽን ስሚ። ኮምቦልቻ ሂጂ፣ ጠይቂያቸው። ስለ ሎሪው አይደለም፣ ሎሪውን ይተዉት።»

«ማንን ልጠይቅ፣ ወንድሜ? የፈረሙት የሉም፤ ቢሮው ራሱ ፈርሷል።»

«በቦታው ያለውን ጠይቂ። በቃል አይንገሩሽ፣ በጽሑፍ ይስጡሽ። እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ እነግርሻለሁ፣ እርሳስ ያዢ።» ከኪሳቸው ያን ደብዳቤ አውጥተው ጉልበቴ ላይ ዘረጉት፤ ያሰመርኩበትን በጣታቸው ነኩ። «ትዕግስት፣ ቀስ ብለሽ በይልኝ።»

«ጉድለቱ» አልኩ።

«ጉድለቱ» አሉ ወደ ስልኩ።

«በእኛ አሠራር የመጣ መሆኑን አረጋግጠናል።»

«በእኛ አሠራር የመጣ መሆኑን አረጋግጠናል። ጻፍሽ?»

እዚህ ላይ ካርዱ አለቀ። ቀጭን ድምፅ ጢጥ ጢጥ ሲል ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ እሳቸው አልሰሙትም፣ ወይም ሰምተውታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጣዩን ይጠብቃሉ።

«ስለደረሰብዎት» አልኳቸው።

«ስለደረሰብዎት» አሉ፣ ደሴ ድረስ እንዲሰማ ጮክ ብለው።