ያለ ዝናብ የሞላው ውሃ

የእናቴ አጎት የነገሩኝን ታሪክ ስጽፍ አንድ ቦታ ላይ አርሜዋለሁ። ያረምኩት በቅንነት ነበር።

ታሪኩ የአያታቸው ነው። ቤተ መንግሥቱ ገና እንጦጦ ላይ ሳለ አያትየው ከነጋዴዎች ጋር ዝባድ ጭነው ዘይላ ወደብ ድረስ ወረዱ። ባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ የተቀመጠ ጀልባ አገኙና በቅሏቸውን እሱ ላይ አስረው ጥላ ፍለጋ ሄዱ። ሲመለሱ ጀልባው ተንሳፍፏል፤ በቅሎዋ እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ናት። ባለጀልባው ዋኝቶ ገመዱን ቆረጠላቸው። አገራቸው ገብተው ይህን ሲያወሩ ማንም አላመናቸውም። ሳይዘንብ የሚሞላ ውሃ የት አለ እየተባሉ "ቀጣፊው" የሚል ስም ወጣላቸው፤ ስሙ እስከ ልጅ ልጅ ደረሰ። ሽማግሌው ታሪኩ እንዲጻፍላቸው የፈለጉት ለዚህ ነበር።

እኔ ያደግኩት ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። ወንዙ የሚሞላው እንጦጦ ላይ ሲዘንብ ነው፤ ባሕር ደግሞ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ "ድንገት ከባድ ዝናብ ጣለ" ብዬ ጨመርኩበት። አንዱን ቅጂ ለሽማግሌው ላክሁ፤ ሌላውን ለመምህሬ ሰጠሁ።

መምህሬ አየርላንድ ውስጥ በዓሣ አጥማጆች መንደር ያደገች ሴት ናት። ክረምት በመጣ ቁጥር አገሯ ገብታ የሽማግሌ ዓሣ አጥማጆችን ታሪክ ትሰበስባለች፤ እኛንም የቤተሰባችንን የጉዞ ታሪክ እንድንጽፍ ያዘዘችን እሷ ነበረች። ወረቀቱን አንብባ፣ ዝናብ ጣለ ያሉት ሽማግሌው ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ የጨመርኩት አልኳት። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሞላና እንደሚሸሽ፣ በእሷ መንደር ጠዋት ጭቃ ላይ የተኙ ጀልባዎች ከሰዓት እንደሚንሳፈፉ ነገረችኝ።

ወደ ሽማግሌው ቤት የሚወስደውን፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁት። የሽማግሌው ዓይን ደክሟል፤ ሰው አንብቦላቸው ከሆነ እኔም አያታቸውን ቀጣፊ ብያለሁ ማለት ነው።

ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ያለው ቤታቸው ስደርስ ፖስታው እንደታሸገ ትራሳቸው ሥር ነበር። አንቺው እንድታነቢልኝ ብዬ ነው አሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወረቀቱን በዝምታ መለወጥ እችል ነበር፤ ግን አላስቻለኝም።

"አባባ፣ ዝናብ ዘነበ ብዬ ጽፌያለሁ። አያትዎን አላመንኳቸውም ነበር።"

"አሁንስ?" አሉ።

መምህሬ ያለችውን ነገርኳቸው።

"በቀን ሁለቴ?"

"ሁለቴ።"

ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። "አያቴ እንኳ የደፈሩት አንዴ ለማለት ነው።"

ዝናቡን በእስክሪብቶ ሰረዝኩና ማንበብ ጀመርኩ። ወዲያው አስቆሙኝ። ጎረቤታቸው አጥሩ ማዶ እንጨት ይፈልጡ ነበር።

"ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ልጄ፤ ጎረቤቴም ይስማ" አሉኝ። ከፍ አደረግኩት።