የወንጪ አፋፍ ምርቃት

አባቴ ከአዲስ አበባ አምቦ ድረስ የመጡት እኔን ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም፤ ሊወስዱኝ ነው። ከቀበሌያቸው ያወጡት የይለፍ ወረቀት የሚያገለግለው ለአንድ ሳምንት ነበር። ከሱ ጋር በኮታቸው የደረት ኪስ የዝውውር ማመልከቻ ይዘዋል። ስንቱን ሰው ደጅ ጠንተው አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ቦታ አስገኝተውልኛል። የቀረው የእኔ ፊርማ ነው።

"ነርስነት አስተማርኩሽ እንጂ ገጠር ለገጠር በፈረስ ተንከራተቺ አልኩሽ?" አሉኝ፣ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ።

እኔ ደግሞ መሄድ አልፈልግም። ሦስት ዓመት ክትባት ይዤ የዞርኩበት አገር ነው፤ ወድጄዋለሁ። ግን አባቴን ፊት ለፊት እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ ሳይመርቁኝ ብቀርም እንቅልፍ አይወስደኝም።

"ከመፈረሜ በፊት አንድ ቀን ይስጡኝ፤ ወንጪን ላሳይዎት" አልኳቸው።

ቅዳሜ ማለዳ በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ተሳፈርን። አባቴ መንገዱን ሙሉ አቧራውን፣ ሾፌሩን፣ መንግሥትንም በሹክሹክታ ሲያሙ ሄዱ። "ሐይቅ ለማየት ከሆነ ደብረ ዘይትም ሞልቷል" አሉ።

አፋፉ ላይ ወርደን ጥቂት እንደተራመድን መሬቱ በድንገት አለቀ። ከእግራችን ሥር ተራራው እንደ ጎድጓዳ ድስት ተከፍቷል፤ ታች ሰማያዊው ሐይቅ፣ መሐሉ ላይ ደሴቲቱ፣ ደሴቲቱ ላይ ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን። በገደሉ ወገብ የገብስ ማሳና የሣር ጎጆዎች ተንጠልጥለዋል። አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። በዕድሜዬ ሁሉ አስተያየት ሲያጥራቸው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔም ስንት ጊዜ የመጣሁበት ቦታ መሆኑን ረስቼ እንደ አዲስ አየሁት።

የማውቃቸው ባለፈረስ ሽማግሌ ከልጆቻቸው ጋር እዚያው ጠበቁን። የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ ከትቤያለሁ። "ሲስተር ኬኛ!" አሉኝ፤ የእኛ ሲስተር ማለታቸው ነው። ቁልቁለቱን ሁሉም በእግሩ ይወርዳል፤ ፈረስ ላይ የሚወጣው ለዳገቱ ብቻ ነው። ጫካው ውስጥ ስንገባ አባቴ ማጉረምረማቸውን ትተው ሽቅብ ያዩ ጀመር። ጉሬዛዎች ከጥድ ወደ ኮሶ ነጭ ጭራቸውን እያውለበለቡ ይዘላሉ። አባቴ አንዱን ግዙፍ ግንድ በሁለት እጃቸው አቅፈው ማዳረስ አቃታቸው።

"ይህን ማን ተከለው በያቸው እስቲ" አሉኝ።

ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ሳቁና "እኛን የተከለን ነው" አሉ።

ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ተሻገርን። አባቴ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳልመው፣ ግንቡን ተደግፈው ውኃውን እያዩ ብዙ ቆዩ። ጥሪዬን እስኪሰሙ ድረስ ሦስት ጊዜ ተጣራሁ።

በፈረስ አፋፉ ላይ ተመልሰን ልንሰናበት ስንል ሽማግሌው እርጥብ ሣር ነጭተው በየእጃችን አስያዙንና በኦሮምኛ ይመርቁ ጀመር። ልጆቻቸው በየመሐሉ "ሃ ታኡ" ይላሉ፤ ይሁን ነው። አባቴ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ግን ምርቃት ዝም ብለው የሚያሳልፉ ሰው አይደሉም። በእያንዳንዱ ላይ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው "አሜን!" ይላሉ። አንዱ ላይ እኔ ደንግጬ ቀና አልኩ።

በመልስ መንገድ ላይ "ምን ብለው ነው የመረቁን?" አሉኝ።

"ዝናብ በጊዜው ይዝነብ አሉ።"

"አሜን። ሌላስ?"

"ከብቱ ይርባ አሉ።"

"አሜን። ሌላስ?"

"ይህች ልጅ የእኛ ናት፤ አባቷ ወድደው ይተዉልን፤ እዚሁ ትክበር፣ እዚሁ ትውለድ አሉ።"

አባቴ ዞረው አዩኝ። "እኔስ ምን አልኩ?"

"አሜን ነዋ። ያውም ከሁሉም ጮክ ብለው።"

"አንቺ፣ ከራስሽ አልጨመርሽም?"

"ተመልሰን እንጠይቃቸው?"

አንዴ ያሉትን አሜን የሚያጥፉ ሰው እንዳልሆኑ ሁለታችንም እናውቃለን። እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ። ወረቀቱን ግን አላወጡትም። እፍኛቸው ውስጥ የያዙትን ሣር፣ እንዳይጠወልግ ይመስል ቀስ አድርገው ማመልከቻው ላይ ከተቱትና ኪሱን ቆለፉ።

አምቦ ልንገባ ስንል ነው የተናገሩት።

"እናትሽንስ ምን እላታለሁ?"

ያን ጊዜ አለቀስኩ።