የቀያሹ መነጽር

አሶሳ ላይ የድሮ የሳይንስ መሣሪያዎች የሚታዩበት ቤት መከፈቱን የነገረችኝ ኮሌጅ የምትማረው የልጅ ልጄ ናት። ሚዛኑን፣ የዝናብ መለኪያውን ስትዘረዝር ማሽላ እየለቀምኩ ሰማሁ። «ደግሞ የቀያሾች መነጽር አለ፤ ባለ ሦስት እግር» ስትል ግን የያዝኩትን ማሽላ ደፋሁት።

ያንን መነጽር አውቀዋለሁ። ከወሎ በሰፈራ መጥተን ባምባሲ አጠገብ ቀርከሃው ሲመነጠር፣ ቀያሾቹ መሬት ለማካፈል ይዘውት መጡ። በእሱ የታየ ሰው ይዘቀዘቃል ተባለና እኛ ሴቶቹ ቀሚሳችን እንዳይገለበጥ መቀነታችንን አጥብቀን አስረን ዋልን። ባለቤቴ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዞ ማዶ ቆመላቸው። ቀያሹ እየሳቀ «ነይ፣ ባልሽን እዪው» አለኝ። አየሁት። እግሩ ወደ ሰማይ፣ ራሱ ወደ ታች። ሰው ሁሉ እንዲያ ይታይ እንደሆነ ብጠይቀው ሳቁን ቀጠለ እንጂ አልመለሰልኝም። በዚያው ሳምንት ባሌን ወባ ጣለው፤ አልተነሳም።

እንግዲህ ልሂድ ወይስ ልተው? መነጽሩ ሁሉን የሚገለብጥ ከሆነ ባሌን የገደለው ወባ ብቻ ነው። እሱን ብቻ ከሆነስ የገለበጠው? ማወቁን ፈራሁ። አረም ስነቅል ከማዶ የሚያየኝ ዓይን ያለ ይመስለኝ ጀመር። ቀና ስል ማንም የለም፤ እጄ ግን መቀነቴ ላይ ነው። በመጨረሻ ተናደድኩ። ያ ሰውዬ ያልመለሰልኝን ጥያቄ ይዤማ አልቀበርም!

«ተነሺ፣ ውሰጂኝ» አልኳት። መንገድ ላይ አያቷ በመነጽሩ ተዘቅዝቆ መታየቱን ነገርኳት።

አሶሳ ስንደርስ የቤቱ ጠባቂ መነጽሩን በበሩ በኩል ወደ ግቢው አዞረልን።

«እማማ፣ እኔ ልቁምና አንቺ እዪ» አለች የልጅ ልጄ።

«ዝም በይ! እኔ እንዳውቅ አንቺ ልትቆሚልኝ? ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«መስታወት እኮ ነው!»

«እንግዲያው ለእኔም መስታወት ነው።»

ሄጄ ማንጎው ፊት ቆምኩ። እሷ አጎንብሳ ማየት ጀመረች። ቆየች። ግቢው ውስጥ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ተዘቅዝቀሻል» አለች ሳቋን እየያዘች።

«ማንጎውስ?»

«እሱም።»

«ደህና አድርገሽ እዪ! ማንጎው?»

«ማንጎውም፣ አጥሩም፣ ሁሉም ተዘቅዝቋል። ሥራው ነው እማማ።»

ጠባቂውን «ይህን ጽፈህ ለጥፍ፤ ሰው ሳይነገረው አይደንግጥ» አልኩት። እሺ አለኝ። የልጅ ልጄ ከፍርሃቴ የተገላገልኩ መስሏት ክንዴን ይዛ እየሳቀች አወጣችኝ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። ያኔ ባሌን በመነጽሩ ሳየው ከጀርባው አንድ ሾላ አብሮ ይታየኝ ነበር። ሾላው ሥሩ መሬት ላይ፣ ቅርንጫፉ ወደ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።