ብራውዘሩ እንዲታዘዝ የተጻፈ ደብዳቤ

ዛሬ አለቃዬ ብራውዘር እንዲታዘዛቸው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፉ።

ጅማ ያለው ቢሯችን ቫይረስ ስላስቸገረው፣ የኮምፒውተር ባለሙያው እኔ ብራውዘሩ ከዳውንሎድ ፎልደር በቀር ምንም ፋይል እንዳይነካ ትናንት ዘግቼበት ነበር። ሕጉ ለአለቃም አይታጠፍም።

ጠዋት አለቃዬ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡትን የቡና ሪፖርት በኢሜይል ሊልኩ ሲሉ ብራውዘሩ እምቢ አላቸው።

«ኃላፊ መሆኔን አያውቅም?»

«ጋሼ፣ እሱ ሰው አይለይም።»

«ወይ ጉድ! ሰው ካልለየ ማን ቀጠረው?»

ደብዳቤው ከሰዓት ደረሰኝ። እኔም የልጆች አባት ነኝ፤ ሕጉን ጥፋት እየመዘገበ ማንንም የማይከለክል አደረግኩት።

አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና «አየህ፣ አሁን የመሥሪያ ቤታችንን አሠራር ለመደ» አሉኝ።

እውነት ነው። በግምገማችንም ሁሉም ጥፋት በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ ማንም አይነካም።

በእናንተስ ቢሮ ሕግ የሚሠራው ከስንተኛው ወንበር በታች ነው?