ልጄን ያተረፈው የጥሩነሽ ወተት

መጀመሪያ ያበጠው ፊቴ ነበር። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሰባት ወር ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። በኢየሩሳሌም የምንኖርበት ሰፈር፣ የቂርያት መናሔም ሴቶች «ሥጋ ለበስሽ፣ አማረብሽ!» አሉኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ጫማዬ እንቢ ሲለኝ እንኳ አልነቃሁም። አንድ ቀን ታልፒዮት ሰፈር በምሠራበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስደረድር ራሴን ፈለጠኝ፤ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ አለብኝ። አለቃዬ በመኪናዋ ሆስፒታል አደረሰችኝ።

«ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባል የእርግዝና ሕመም ነው፤ የደም ግፊትሽ በጣም ከፍ ብሏል» አለች ሐኪሟ። «ልጅቱ ዛሬ መወለድ አለባት።»

ተወለደች። አላለቀሰችም። ወዲያው ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወሰዷት።

ወተቴ አልመጣም። በፓምፕ ባልበው ባልበው ጠብታ ነው። በቱቦ የሰጧት የዱቄት ወተት ሆዷን ነፋው። ሐኪሟ አንጀቷ እንዳይቆስል ፈራች። «የሰው ወተት ያስፈልጋታል» አለችኝ። እናቶች የለገሱት ከሚቀመጥበት የወተት ባንክ የተገኘው ለጥቂት ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነበር።

ያኔ ወገቤን ታጥቄ ተነሣሁ። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ጥሩነሽ ወንድ ልጇን ታጠባለች፤ ወተቷ ሞልቶ ልብሷን ያርሳል። ገና ነገሩን ሳልጨርስ «ለልጅሽማ! አሁኑኑ አልቤ አመጣለሁ» አለች። ሐኪሟ ግን የጥሩነሽ ደም ሳይመረመር አይሆንም አለች፤ እንደ ኤችአይቪ ያለ በወተት የሚተላለፍ በሽታ አለ።

የጥሩነሽ ፊት ተለወጠ። «ዳይ፣ በቃ፣ ተዪኝ! የእናቴን ደም ተቀብለው ደፍተውት የለ? ወተቴን እንጂ ደሜን አልሰጥም።»

እውነቷን ነው። በወላጆቻችን ጊዜ እዚህ እስራኤል ከኢትዮጵያ የመጣ የእኛ ሰው የለገሰው ደም «በሽታ ይኖርበታል» እየተባለ በድብቅ ይጣል ነበር። ተናደድኩ፤ በእሷ ሳይሆን በደፉት። ግን ልጄ ንዴት አትጠባም። በማግስቱ ተመልሼ «ነይ፣ እኔም አብሬሽ እመረመራለሁ። ውጤትሽን ለአንቺ ብቻ ይንገሩሽ፤ እኔ ካንቺ እሰማለሁ» አልኳት። ጃኬቷን አነሣች። ከአውቶቡስ ወርደን፣ በኢትዮጵያ ጎዳና ደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያንን አልፈን፣ ክሊኒኩ ደረስን። ቀድሜ ክንዴን ዘረጋሁ። እሷም ዘረጋች።

ውጤቷ ንጹሕ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጥሩነሽ ልጇን አጥብታ የተረፋትን በንጹሕ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ታኖርልኛለች፣ እኔ ሆስፒታል አደርሰዋለሁ፣ ነርሷም በሙቀት ጀርሙን አጥፍታ በቱቦ ትሰጣታለች፤ እንዲህ እንዲህ እያልን የልጄ ሆድ ላላ፣ ጉንጯ ሞላ፣ በመጨረሻም ቱቦው ወጥቶላት በአፏ መጥባት ጀመረች። ያን ቀን ነርሷ ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

እንደ እኔ የገጠማችሁ እናቶች፣ እብጠት ውበት አይደለም፤ ግፊታችሁን ተለኩ። ወተት የምትሰጥ ሴት ብታገኙም ሳትመረመር ወተቷን ለልጃችሁ አትስጡ፤ «ተመርመሪልኝ» ማለት ወዳጅን ማማት አይደለም። ደግሞ ለምርመራ ብቻዋን አትላኳት። ለሐኪሟም ለነርሷም እግዚአብሔር ውለታቸውን ይክፈልልኝ።

በእኛ ወግ አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እኅት ናቸው፤ አይጋቡም። እናቴ ሁለቱ ልጆች ገና ሳይድሁ ይህን ለጎረቤቱ ሁሉ አውጃለች። ጥሩነሽ የወለደችው አንድ ነው። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት ግን «ሁለት» ትላለች። እኔም አላርማትም።