አሻጥር ያልነው ጨዋታ

የኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ጣሪያ አልነበረውም። ከሐይቁ ዳር ብዙም ስለማይርቅ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከጣና ተነሥቶ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይጠርገዋል። በሐይቁ በኩል ወዳለው ቅርጫት ከሩቅ የሚወረውር ልጅ ኳሷ አየር ላይ ትዘገይበታለች፣ ሳትደርስም ትወድቅበታለች። ይህን ለማወቅ ቅርጫት ኳስ መማር አያስፈልግም፤ ባሕር ዳር ውስጥ ልብስ አጥቦ ያሰጣ ሁሉ ያውቀዋል። አሠልጣኙ ግን አያውቅም፤ ወይም የማያውቅ መስሎ ነበር። በዚያ ዓመት እኛ ደጋፊዎች የተከራከርነው በዚህ ነው።

እኔ በደርግ ዘመን ወደቡ ላይ የጭነት ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ከዘጌና ከጎርጎራ በጀልባ የሚመጣውን ከረጢት በቀጭን ብረት እየወጋሁ በውስጡ ያለው ነገር የተባለው መሆኑን አረጋግጣለሁ። ጌሾ ተብሎ በተጫነ ከረጢት መሐል ቡና ሲገኝ ዕቃው ይወረሳል፤ ባለቤቱም «የኢኮኖሚ አሻጥር» ተብሎ ይጠየቃል። የዚህን ቃል ክብደት የማያውቅ አልነበረም። ቃሉ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ የሰውየው ሚስት ስንቅ ተሸክማ ወደ እስር ቤት ስትመላለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርሁትም፣ ማንበብ የተማርሁትም በራሴ ነው። ማንም ስላላስተማረኝ ይሆናል፣ በዓይኔ ያላየሁትን ነገር አልቀበልም። ልጆቼንም «ያያችሁትን ተናገሩ፣ ያላያችሁትን ተዉ» እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው። ቤቴ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሕግ አልነበረም።

የበኩር ልጄ ኮሌጅ በገባ በዓመቱ ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ተመረጠ። ከሁሉም ረጅሙ እሱ ነበር። መጀመሪያ ኳስ ጊዜ ማባከኛ ነው ብዬ ተቆጣሁ። አንድ ቅዳሜ እውነት ሜዳ ላይ መዋሉን ላረጋግጥ ሄድሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀርቼ አላውቅም። የጨዋታውን ሕግ የያዘ ወረቀት ከልጄ ተቀብዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አጠገቤ ሁልጊዜ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ይቆማል። እሱ ሕጉን አያውቅም፤ ድምፅ ግን አለው።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው። ልጄን በየጨዋታው ከተጠባባቂዎች ጋር ያስቀምጠዋል። ለምን እንደሆነ ልጄን ብጠይቀው «እኔ ምን አውቄ» አለኝ። እኔም ጠረጠርሁ። አባት ስለሆንሁ ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን መርምሬያለሁ፤ ልብስ ሰፊው ግን አባቱ አልነበረም፣ እሱም ይጠረጥር ነበር።

ከፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን ጋር የተጋጠሙበት ቅዳሜ ሜዳው ዙሪያ መቆሚያ ጠፋ። በመጀመሪያው አጋማሽ ነፋሱ ከኋላችን ስለነበር መራን። ከእረፍት በኋላ ጎን ተቀየረና የእኛ ልጆች ወደ ሐይቁ ዞሩ። አሁን ረጅሙን ያስገባል፣ ኳሷን ቅርጫቱ ሥር እያቀበሉት ያገባል ብለን ጠበቅን። አሠልጣኙ ግን እጁን እያወናጨፈ «ከሩቅ! ከሩቅ ወርውር!» ይል ጀመር።

የመጀመሪያዋ ኳስ አጠረች። ሁለተኛዋም አጠረች። ቀጥሎ የተወረወረችው ወደ ጎን ተገፍታ ዳኛው ትከሻ አጠገብ ወደቀች።

«ዛሬ የምንገጥመው ዳኛውን ነው እንዴ?» አለ ልብስ ሰፊው። ሰው ሳቀ።

«ኧረ ለዓሣ ነው የሚያበላው!» አለ ከኋላ አንዱ።

«መምህር፣ ያንን ረጅሙን ለጣሪያ መጥረጊያ ነው ያስቀመጡት? ጋሼ፣ ልጅዎ እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ይታያል እኮ!» አለ ልብስ ሰፊው ወደ እኔ ዞሮ።

እኔ አልሳቅሁም። ልጄ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል።

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ፋብሪካዎቹ ቀደሙን። አሠልጣኙ አሁንም «ከሩቅ!» አለ። ይህን ጊዜ ልብስ ሰፊው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጮኸ፤ «ይህ ስሕተት አይደለም! አሻጥር ነው! ጨዋታውን ሸጦታል!»

አጠገባችን የነበሩት ሳቃቸውን ቆረጡ። ወዲያ ማዶ ያሉት ተማሪዎች ግን ተቀበሉት፤ «አሻጥር! አሻጥር!» እያሉ በጭብጨባ ያዜሙት ጀመር። አሠልጣኙ ዞር አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከእኛ በኩል ከቆመው ሰው መሐል የሚያውቀው እኔን፣ የወደቡን ተቆጣጣሪ፣ ብቻ ስለነበር ዓይኑን የጣለው በእኔ ላይ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤቴን ገሠጽሁት። «ይህን ቃል ምን አመጣው?»

«ጋሼ ደግሞ! ኳስ ሜዳ ነው እኮ።»

«ሜዳው ላይ የነበረው ሁሉ ለኳስ የመጣ ይመስልሃል?»

«እርስዎስ አልጠረጠሩም?» አለኝ። ከጨዋታው በፊት በነበረው ሐሙስ አሠልጣኙን ከፋብሪካው ቡድን አምበል ጋር ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር ቆመው አይቻቸዋለሁ። ሳልፍ ወሬያቸውን አቆሙ። ይህን ለማንም አልተናገርሁም ነበር፤ ውስጤን ግን ሲበላኝ ሰንብቷል።

ሰኞ ከቀበሌ ተጠራሁ። ግቢው ውስጥ አሠልጣኙ ግንብ ሥር ተቀምጧል፤ አንድ አብዮት ጠባቂ ከአጠገቡ ቆሟል። ቀበቶውን አስወልቀውታል። ቀበቶ የተወሰደበት ሰው ለአዳር እንደሚፈለግ ያን ጊዜ ሁሉም ያውቃል። ልብስ ሰፊው ከእኔ በፊት ገብቶ ሲወጣ ዓይኔን ሊያይ አልፈለገም። «እኔ ሕጉን አላውቅም፣ ጋሼን ጠይቁ አልኋቸው» ብሎ አለፈኝ።

ከውስጥ ሊቀ መንበሩና ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

«ጓድ፣ እርስዎ ወደብ ላይ አሻጥር የሚይዙ ሰው ነዎት» አለ ሊቀ መንበሩ። «ሲያዩት አይጠፋዎትም። የቅዳሜው አሻጥር ነው ወይስ አይደለም?»

«ያየሁትን ልናገር እችላለሁ።»

«ይናገሩ።»

«ሰውየው መጥፎ አሠልጣኝ ነው። ነፋሱን ፊት ለፊት እያስያዘ ከሩቅ ያስወረውራል። የተማረው አዳራሽ ውስጥ ይመስለኛል።»

«በመጥፎ አሠልጣኝና በአሻጥረኛ መካከል ምን ልዩነት አለ?»

«ጌሾ ብሎ ጌሾ የጫነ ሰው ጌሾው የሻገተ ቢሆንም አልይዘውም፤ መጥፎ ጌሾ ነው ብዬ አሳልፈዋለሁ። የምይዘው መሐሉ ላይ ሌላ ነገር የደበቀውን ነው።»

«የዚህኛውስ መሐሉ ምንድን ነው?»

«አልወጋሁትም» አልሁ።

ከሁለቱ አንዱ ሊስቅ ብሎ ሊቀ መንበሩን አየና ተወው።

«ከፋብሪካው ቡድን ሰዎች ጋር ሲገናኝ አይተውት ያውቃሉ?»

የፈራሁት ጥያቄ ይህ ነበር። አላየሁም ብል የሚያጋልጠኝ ሰው የለም። አይቻለሁ ካልሁ ግን ውጭ የተቀመጠው ሰው ቀበቶውን መቼ እንደሚያገኝ እንጃ። ልጆቼን በምን እንዳሳደግኋቸው አሰብሁ፤ ከዚያ አፌ ራሱ ተናገረ። «አይቻለሁ። ሐሙስ፣ ሐይቁ ዳር፣ ከአምበሉ ጋር።»

ሊቀ መንበሩ ወደ ፊት ተጠጋ። «ምን ሲባባሉ?»

«አልሰማሁም። ሳልፍ ዝም አሉ።»

«ለምን ዝም አሉ?»

ከሐሙስ ጀምሮ ሲበላኝ የነበረው ይኸው ጥያቄ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ጠጅ ቤት፣ ገበያ፣ እኔ ስደርስ ወሬ የማይቋረጥበት ቦታ ቢኖር ልጠራ ሞከርሁ። አንድም አልመጣልኝም።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ሳልፍ ዝም የማይል ሰው በዚህ ከተማ የለም። የምሠራውን ሁሉም ያውቃል። ለምን ዝም አሉ ከተባለ፣ እኔ ስለሆንሁ ነው።»

ይህን የተናገርሁት ሰውየውን ላድን ብዬ አይደለም። ስናገረው ነው እውነት መሆኑን ያወቅሁት።

«ልጅዎንስ? ረጅም ተጫዋች የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው?»

«ልጄ ሲያጠቃ ይሮጣል፤ ለመከላከል ሲመለስ ግን ይራመዳል። ሌሎቹ እየሮጡ እሱ ይራመዳል። አባቱ ስለሆንሁ ላለማየት ሞክሬ ነበር፤ ግን አይቼዋለሁ።»

ያ ቀደም ሲል ሊስቅ የነበረው ሰው አሁን ሳቁን መግታት አልቻለም። «እንግዲያ ልጅዎ ተራማጅ ነዋ!» አለ። ሊቀ መንበሩ ሳይቀር ሳቀ። እኔ በር ድረስ ስወጣ አብሮኝ ወጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አሠልጣኙ ከተቀመጠበት ይህንን አየ። ውስጥ ያልሁትን አልሰማም፤ ያየው ትከሻዬ ላይ ያለውን እጅ ብቻ ነው። እኔ በተናገርሁት ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም፣ ሳይመሽ ቀበቶውን መልሰው ለቀቁት።

የቀበሌው ቀልድ ከእኔ ቀድሞ ኮሌጁ ደረሰ። ልጄ ማክሰኞ ሲገባ ጫማውን ወርውሮ ቆመ።

«አባባ፣ ኮሌጁ በሙሉ ተራማጁ ይለኛል።»

«ትራመዳለህ ወይስ አትራመድም?»

«እርስዎ የማን አባት ነዎት?»

«ያንተ» አልሁ። እናቱ «እንጀራውን ይብላ፣ ይተዉት» ብላ ገላገለችን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ቡድን ነበር። አሠልጣኙ ገና ከመጀመሪያው ልጄን አስገባው፤ ሲያስገባውም ወደ እኔ አየ። የእኛ ልጆች ነፋሱን ከኋላ ይዘው ከሩቅ ወረወሩ፤ ኳሷ ከቅርጫቱ አልፋ ሄደች። ማንም አልጮኸም። ሜዳው ዙሪያ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ የሚሰማው የጫማ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ መጥፎ ወረወረ ማለት ይፈቀዳል?» አለኝ ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ።

«ይፈቀዳል።»

«እንግዲያ እርስዎ ይጀምሩ።»

በእረፍት ሰዓት ወደ አሠልጣኙ ሄድሁ። «መምህር፣ ልጄን ያስገቡት ለእኔ ብለው ከሆነ ያስወጡት። እንደሚመስልዎትም ያጫውቱ። እኔ በእርስዎ ላይ የተናገርሁት ክፉ ነገር የለም። መጥፎ አሠልጣኝ ነው ግን ብያለሁ።»

ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ልጅዎ በጥሩ ሁኔታ እየተጫወተ ነው። በእኔ በኩል ምንም ቅሬታ የለም» አለ። ስብሰባ ላይ የቆመ ሰው እንደሚናገረው ነበር የተናገረው። ያልሁትን ሁሉ ሊፈትነኝ ነው ብሎ እንደተቀበለው ገባኝ። ብምል ብገዘት የሚያምነኝ አልመሰለኝም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

በሁለተኛው አጋማሽ ልጄ ሮጠ። ሲያጠቃም ሲመለስም ሮጠ፤ አንዴም ወደ እኔ ሳይዞር፣ በንዴት። ትንሽ ቆይቶ አሠልጣኙ ቅያሪ ጠየቀ። ተቀያሪውን አስነሥቶ መስመሩ ላይ ካቆመው በኋላ ግን ማንን እንደሚያስወጣ ሳይናገር እንደገና ወደ እኔ አየ። ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ «መምህር፣ ማን ነው የሚወጣው?» አለው። እሱ ግን አሁንም እኔን ያያል። ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርሁ። ፊቴን ስመልስ አሁንም እያየኝ ነበር። ተጫዋቾቹም ዓይኑን ተከትለው ያዩኝ ጀመር።

ለልብስ ሰፊው ምንም ሳልነግር ሰውን እየገፋሁ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስደርስ የፊሽካውን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያም የአሠልጣኙን ጩኸት። ምን እንዳለ አልለየሁትም።

ልጄ አመሻሹ ላይ ገባ። እግሩን ሲታጠብ ጠየቅሁት።

«አሸነፋችሁ?»

«ተሸነፍን። እርስዎ እንደወጡ እኔን አስወጣኝ።»

«ሮጠህ ነበር እኮ።»

«ሮጬ ነበር። አጭሩን ልጅ አስገባ፣ ከሩቅ እንዲወረውር።»

«ነፋሱን ፊት ለፊት?»

«ነፋሱን ፊት ለፊት» አለ። እናቱ ሳቀች። እኔን ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ሮጦ፣ ላቡ እየወረደ፣ ረጅሙ እሱ ሆኖ ለምን ወጣ? ተነሥቼ የመምህራኑ ቤት ድረስ ሄጄ በሩን ባንኳኳ መልሱን አገኛለሁ። ወይም የሚፈራ ሰው የሚሰጠውን መልስ አገኛለሁ።

ልጄ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ያየኛል። «ነገ ሄደው ይጠይቁት ይሆናል መቼም።»

«አልጠይቀውም» አልሁ።

እንዳላመነኝ ከፊቱ ላይ አየሁት።