የእናቴ ጊምቦ በፎቶ ሰሌዳው ላይ

ሆሳዕና ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ተክል በሽታ ስናስተምር መጽሐፉ የሚያሳየን እኛ አገር በዓይናችን አይተነው የማናውቀውን ተክል ነው። ይህ ሲያናድደኝ ኖሮ ኢንተርኔት ላይ የፎቶ ሰሌዳ ከፈትኩ። ተማሪዎቼና እኔ ከየጓሯችን እንሰት ፎቶ እያነሣን እንለጥፍበታለን፤ በአንድ በኩል «ጤነኛ»፣ በሌላ በኩል «የታመመ» በሚል። ኔትወርክ ባለ ቀን በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እናየዋለን፤ በሌለ ቀን ጠመኔዬን ይዤ እበሳጫለሁ።

«ጤነኛ» ከሚለው ሥር መጀመሪያ የለጠፍኩት ጃጁራ ከተማ አጠገብ በእናቴ ጓሮ ያለውን ጊምቦ ነበር። ጊምቦ አንዱ የእንሰት ዓይነት ነው። እናቴ ያንን እንሰት በችግር ጊዜ እንኳ አልነካችውም፤ ለራሷ ለቅሶ ነበር ያቆየችው። ሊቀብረኝ የመጣ ሰው ጦሙን አይመለስም ትላለች። እኛ ልጆቿ እንስቅባት ነበር።

አንድ ቀን ፎቶውን አጉልቼ ጤነኛ ቅጠል ምን እንደሚመስል ሳስረዳ፣ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ታሟል። መሐል ያለው ቅጠል ቢጫ ሆኗል። የእኛም እንደዚህ ነው የጀመረው።»

ጠጋ ብዬ አየሁት፤ እውነቷን ነው። ጎበዝ አልኳትና ክፍለ ጊዜውን እንደ ምንም ጨረስኩ።

ቅዳሜ ጃጁራ ስደርስ ቅጠሎቹ ጠውልገው ተንጠልጥለዋል። እንሰት ለመፋቅ ጎረቤት ሴቶች በደቦ ሲመጡ እያንዳንዷ የራሷን ቢላ ይዛ ነው፤ በሽታው ከጓሮ ጓሮ የሚዞረውም በዚያው ስለት ነው። ሊረዷት የመጡ ሴቶች ናቸው፤ ይህን ለእናቴ እንዴት ብዬ ልንገራት? ተነቅሎ ካልተቀበረ ሌላውም ያልቃል ብቻ አልኳት። ተቆጣችኝ። የከተማ እውቀትህን እዚያው ከተማህ ተውልኝ አለችኝ። ቆይታ ግን ራሷ ቢላውን አንሥታ ግንዱን ቆረጠችው፤ የበሽታው ምልክት የሆነው ቢጫ ፈሳሽ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም። እኔ ጉድጓዱን ስቆፍር እሷ በሽታው እንዳይዛመት ቢላውን እሳት ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። አንጀቴን በላችው።

በሽታውን ክፍል ውስጥ ከፎቶው እንዳወቅን ነግሬያት ስለነበር፣ ልሄድ ስል ፎቶውን አሳየኝ አለች። ስልኬን ተቀብላ ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በቋንቋችን በሀዲይሳ መለሰችልኝ።

«አታጥፋው። የታመመ ነው በላቸው። ስሙን ግን ንገራቸው።»

ሰኞ ፎቶውን ወደ «የታመመ» አዛወርኩት፤ ከሥሩም ጊምቦ ብዬ ጻፍኩ። ያችው ልጅ የማን ጓሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የእናቴ ማለት አቅቶኝ ወደ ሌላው ፎቶ አለፍኩ።

ባለፈው እናቴ ጋ ስሄድ ከጉድጓዱ ራቅ አድርጋ አንድ የእንሰት ችግኝ ተክላ አገኘኋት። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ አርጅታለች። ለምን እንደተከለችው አልጠየቅኳትም። ስለ ለቅሶዋ ማውራት ትታለች፤ እኛም መሳቅ ትተናል።